ከሰልስት በኋላስ ማን እዝን ይይዛል?

እስቴ መካነ ኢየሱስ ሰው ሲሞት ሐዘንተኛዋ ምድጃ አትጠጋም። ንፍሮውን የሚቀቅለው፣ እንጀራውን የሚጋግረው ጎረቤት ነው። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶቹ እዝን ይዘው ተራ በተራ ይገባሉ። ሐዘንተኛዋ አልበላም ብትል «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ተብላ ትጎርሳለች።

እኛ በውጭ የምንኖር ከዚህ ሥርዓት የያዝነው ግማሹን ነው። በመዋጮ አንታማም። አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ጎፈንድሚ ወዲያው ይከፈታል፣ ገንዘቡም ይሞላል። በሰልስቱ አዳራሹ ጢም ይላል። በማግስቱ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ነው። አሜሪካ ውስጥ የግል ድርጅት የሐዘን ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ ስለዚህ ሐዘንተኛውም እንባው ሳይደርቅ ፈረቃው ላይ ይገኛል። ማታ ቤቱ ሲገባ ምጣዱም ድስቱም ቀዝቃዛ ነው።

ሟቹ አገር ቤት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲነሣና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ሰዎች ስለ ቤተሰባችን የምንሰማው በስንት ምልጃ ነበር። እናቱን ሳይቀብር፣ አፈር ሳያለብስ የቀረ ሰው «ሞታለች» የሚለው ቃል ቶሎ አይዋጥለትም። የሚያስፈልገው አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ደግ አደረጉ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት ሲፈልጉለት ነው። እኛም «ለበጎ ነው» ለማለት አንቸኩል። አብረን እንጸልይ፣ ቄሱን ጠርተን ፍትሐቱን እናስፈታ፣ ስብከቱን ግን ለሌላ ቀን እናቆየው። በእስልምናም ቢሆን ነቢዩ ሙሐመድ የአጎታቸው ልጅ ጃዕፈር ሲሞት ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራ ማዘዛቸው በሐዲስ ይነገራል። ለሐዘንተኛ ማብሰል የሁላችንም ወግ ነው።

ምግቡም ቢሆን ድግስ አይደለም። «ምን ላግዝ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «ምንም» ነው። «ረቡዕ ማታ ምስር ይዤ እመጣለሁ» በሉ። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን አትርሱ። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ደግሞ ሌላ በረከት አላቸው፤ የማን ሥጋ ነው የሚል ጥያቄ ስለሌለባቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። የምታመጡት ሳህን የማይመለስ ይሁን፤ ዕቃ አጥቦ መመለስ ለሐዘንተኛ ሌላ ሥራ ነው። ስትወጡ ስኒውን አጥባችሁ፣ ቆሻሻውን ይዛችሁ ውጡ።

የምትኖሩበት ከተማ ዕድር በሚቀጥለው ስብሰባው ከመዋጮው ቀጥሎ አንድ ሰሌዳ ያውጣ፦ ከሰልስት እስከ አርባ በየሳምንቱ ማን እራት ይዞ ይሄዳል? አምስት ስድስት ቤተሰብ ከተከፋፈለው ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ማታ ነው። ገንዘቡ ሟቹን ለአገሩ አፈር ያበቃል፤ በሕይወት የቀረውን ሰው የሚያጸናው ግን በሩን አንኳኩቶ የሚገባ ወዳጅ ነው።