እምቦጩን የሚቀልበው ማነው?

እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከተነገረበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የሐይቁ ዳር ገበሬ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ እየገቡ አረሙን በእጃቸው ነቅለዋል። በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ የፈሰሰው ጉልበት ከቶ ሊናቅ አይገባውም። ይኹን እንጂ በዘመቻው መካከል እምብዛም የማይነሣ አንድ ጥያቄ አለ። አረም ያለ ምግብ አያድግም። ታዲያ ይህን አረም የሚቀልበው ማነው?

የመልሱ ከፊል የታወቀ ነው። ከደጋው ተሸርሽሮ የሚወርደው አፈርና በእርሻ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ይህ እውነት ለከተሞች መሸሸጊያ ኾኗል። የከተማ ፍሳሽ ነገር በተነሣ ቁጥር «ጥፋቱ የገበሬው ነው» ይባላል፤ ገበሬው ደግሞ በስብሰባው ላይ የለምና መልስ አይሰጥም።

እስቲ ካርታውን እንመልከት። በጎንደር ከተማ የሚያልፉት የቀሃና የአንገረብ ውሃ ወደ መገጭ ይወርዳል፤ መገጭም የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። እምቦጩ በመጀመሪያ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው የመገጭ መግቢያ ነው። ጎንደርን ከባሕር ዳር በሚያገናኘው መንገድ ላይ የምትገኘው የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ማክሰኝትም ውሃዋ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ሐይቅ ነው። ማክሰኝትን የምናነሣት ትልቅ ስለ ኾነች አይደለም፤ ገና በማደግ ላይ ስላለች ነው። እንደ እርሷ ያሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ሲያድጉ አስቀድሞ የሚታሰበው ፎቁና ሆቴሉ ነው፤ የፍሳሹ ነገር የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሲሞላ መኪና መጥቶ ይመጠዋል፤ መኪናው ወስዶ የት እንደሚደፋው ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢኾንም አማካይ ጥልቀቱ 8 ወይም 9 ሜትር ብቻ ነው። ጥልቅ በኾነበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ትሪ እንጂ ጋን አይደለም፤ የደፉበትን ሁሉ ውጦ ይደብቃል ማለት ዘበት ነው።

ስለ ፍሳሽ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ተጣርቶ ነው የሚለቀቀው» ወይም «ማጣሪያ ይሠራል» የሚል ነው። ይህ ቃል ጠያቂን ዝም የማሰኘት ኃይል አለው። ማጣራት ግን ብዙ ደረጃ ያለው ሥራ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ጠጣሩ ይዘቅጣል፤ በሁለተኛው ረቂቅ ተሕዋስያን የሚበሰብሰውን ነገር ይበሉታል፤ ሽታው ይቀንሳል፤ ውሃውም ለዓይን ንጹሕ ይመስላል። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ግን ለእነርሱ ተብሎ የተለየ ሥራ ካልተሠራ በቀር አብዛኛው እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀራል። ገበሬው በገንዘቡ ገዝቶ የሚበትነው ማዳበሪያም ዋና ኃይሉ ከእነዚሁ ነው። ስለዚህ እንዲህ «ተጣርቶ» ሐይቅ የሚገባ ውሃ ለሰው ዓይን ንጹሕ፣ ለእምቦጩ ግን ምሳ ነው።

በዚህ ላይ የወንዞቻችን ጠባይ አለ። በነሐሴ ሰው የሚወስደው ወንዝ በሚያዝያ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚንጠባጠብ ይኾናል። የብክለት ልክ ከቧንቧው በሚወጣው ውሃ ብቻ ከተወሰነ፣ በበጋ ጊዜ ወንዝ የሚባለው ራሱ ፍሳሽ ይኾናል ማለት ነው፤ ከታች ያለው ሰው ግን ከብቱን የሚያጠጣው፣ ልብሱን የሚያጥበውና ሽንኩርቱን የሚያለማው በዚያው ወራት ነው።

የከርሰ ምድሩ ውሃ ነገር ከዚህ ይብሳል፤ አይታይምና። የጣና ዙሪያ ሜዳ መረሬ አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጣጠቃል። አፈር ፎስፎረስን አብዛኛውን ይዞ ያስቀረዋል፤ ናይትሬትን ግን አይዘውም፤ ከውሃው ጋር ሰርጎ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው ልክ በአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ሲኾን፣ ይህም በተለይ በጡጦ የሚያድጉትን ሕፃናት ለመጠበቅ ነው። ናይትሬት በዓይንና በአፍንጫ አይለይም፤ ውሃውን ማፍላትም አያጠፋውም። እናት በጥንቃቄ አፍልታ ለልጇ የምትሰጠው ውሃ ሊጎዳው ይችላል ማለት ነው፤ እርሷም የምታውቅበት መንገድ የላትም። የአዲስ አበባን ሕዝብ ከሚያጠጡት የውሃ ምንጮች አንዱ የኾኑት የአቃቂ ጉድጓዶች ያሉትም የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክመው በሚወርዱት ወንዞች ግርጌ ነው። ማክሰኝትና መሰሎቿ ይህን ስሕተት ከወዲሁ አይተው ሊርቁት ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ይህ ዕድል አልነበራትም።

ታዲያ ተራው ዜጋ ምን ሊያደርግ ይችላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በኾነ አካባቢ የመኖርን መብት፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 ከዚህም ርቆ ሄዷል፦ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ እርሱን የሚነካው መኾኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አቤት ለማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። «አንተን ምን አገባህ?» የሚለው የቆየ ጥያቄ በሕግ ፊት ተዘግቷል ማለት ነው። አፓፕ የተባለው ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ጉዳይ በዚህ መንገድ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን የከሰሰው በካዮቹን ሳይኾን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ስለ ነበር ክሱ አልቀናለትም። በካዩን ለይቶ ለመክሰስ ደግሞ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል።

መለካት ምን እንደሚያደርግ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ አጠገብ ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ ምስክር ነው። ወደዚያ ሐይቅ የሚገባው የከተሞች ፍሳሽ የተጣራ ነበር። ይኹን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1955 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው መምህር ኤድመንድሰንና ባልደረቦቹ በሐይቁ ውስጥ አንድ የአልጌ ዓይነት ሲበዛ አዩ፤ ምክንያቱም ከፍሳሹ ጋር የሚገባው ፎስፎረስ መኾኑን በቁጥር አስረዱ። ነዋሪዎቹ ተደራጅተው ቀሰቀሱ። በ1958 በመጀመሪያው ድምፅ ተሸነፉ፤ በዚያው ዓመት በሁለተኛው አሸነፉ። ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹ ከሐይቁ እንዲወጣ ተደረገ፤ ሐይቁም ጠራ። እርግጥ እነርሱ ፍሳሹን የመለሱት ወደ ባሕር ነው፤ እኛ ባሕር የለንም። ከጣና ብናዞረው የሚሄደው ወደ ዐባይ ነው፤ በዐባይም ዳር የሚጠጣ ሰው አለ። ስለዚህ ለኛ የሚበጀው ከጀርም የጸዳውን ውሃ ወደ እርሻ መመለስ ነው፤ በሐይቅ ውስጥ እምቦጭ የሚያሰባው ነገር በማሳ ላይ እህል ያሰባልና።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከእንግዲህ ወደ ሐይቁ የሚሄድ የነቀላ ዘመቻ ሁሉ ባዶ ጠርሙሶችንም ይጫን። በመገጭና በማክሰኝት አካባቢ ወንዞች ላይ፣ ከከተማው በላይና ከከተማው በታች፣ አንዴ በጥቅምት አንዴ በሚያዝያ ናሙና ይወሰድ። የኬሚስትሪ መምህሮቻችን ቤተ ሙከራቸውን እንዲፈቅዱልን እንለምናለን። የሕግ ተማሪዎች በአንቀጽ 11 መሠረት የአቤቱታውን ረቂቅ ያዘጋጁ፤ ቁጥሩ ሲገኝ ስሙና ልኩ ብቻ እንዲሞላ ይኹን። የመጀመሪያው ደብዳቤ ግን ለራሳችን ግቢ አስተዳደር ይጻፍ፤ የዚህ ሁሉ ተማሪ የመታጠቢያ፣ የወጥ ቤትና የመጸዳጃ ውሃ የት እንደሚሄድ፣ በምን ደረጃ እንደሚጣራና መጨረሻ የተለካው መቼ እንደ ኾነ ይጠየቅ። የደብዳቤው ረቂቅ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል፤ ለመፈረም የሚፈልግ ተማሪና መምህር እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ሊያገኘው ይችላል።