ብሎን የሚያጠብቅ እጅ

የአይሮፕላን ነገር ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው በራሪውን ነው። ፎቶግራፉ የሚታተመው የእሱ፣ ሜዳልያውም የሚንጠለጠለው በእሱ ደረት ላይ ነው። ብሎኑን ያጠበቀውን ሰው ግን ስሙን እንኳ የሚጠይቅ የለም። ይህ ልማድ በእኛም ግቢ ሥር የሰደደ ስለ ሆነ በዚህ ዕትም ጥቂት ልንልበት ወደድን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ታላቅ ቦምብ ጣይ የነበረውን ላንካስተርን እንመልከት። መጀመሪያ የበረረው በ1941 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በጠቅላላው 7,377 ያህል ተሠርቷል። አራት ሞተርና ሰባት ሰዎች ነበሩት፤ እነርሱም ነጂው፣ የሞተር ተቆጣጣሪው፣ መንገድ መሪው፣ ቦምብ አነጣጣሪው፣ የራዲዮ ሠራተኛውና ሁለት መትረየስ ተኳሾች ናቸው። አቭሮ የተባለው ኩባንያ ክፍሎቹን በማንቸስተር አጠገብ በቻደርተን እየሠራ በመኪና ወደ ዉድፎርድ ይልካል፤ በዚያም ክንፍ ከገላ፣ ገላ ከጅራት ይጋጠማል። ከገጣጣሚዎቹ መካከል ከጦርነቱ በፊት ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ ብዙ ሴቶች ነበሩ። በጦር ሠፈሩም መካኒኮች በብርድና በዝናብ በሜዳ ላይ ቆመው ይጠግኑታል። ሰባቱ በራሪዎች ነፍሳቸውን ያሳደሩት በእነዚህ እጆች ላይ ነበር።

ላንካስተርን የነደፈው ሮይ ቻድዊክ የተባለ መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው በ1947 እ.ኤ.አ. ቱዶር የተባለው አዲስ የመንገደኛ አይሮፕላን ከዉድፎርድ ለሙከራ ሲነሣ ተሳፍሮ ነበርና፣ አይሮፕላኑ ወድቆ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋራ ሞተ። ነገሩ ሲመረመር፣ አይሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉት ገመዶች ተፈትተው እንደ ገና ሲታሰሩ ተገላብጠው ተገኙ። ነጂው ወደ ግራ ሲል አይሮፕላኑ ወደ ቀኝ ይሄዳል ማለት ነው። ለአደጋው ምክንያት የሆነው ግጥሚያው እንጂ ንድፉ አልነበረም።

እንግዲህ የተማረው ሰው ሕይወት ያልተማረ በሚባለው እጅ ተንጠልጥላለች። በአገራችን ግን ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ» እያሉ ማራቅ የቆየ ነውር ነው። ዛሬም የወርክሾፕን ሰዓት እንደ ቅጣት የሚቆጥር ተማሪ አለ።

ሆኖም የእጅ ሙያን ማክበር ብቻውን አይበቃም። በእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ከበረሩት 125,000 ያህል ሰዎች 55,573ቱ አልተመለሱም። ከታች ደግሞ በ1945 እ.ኤ.አ. በድሬስደን ብቻ እስከ 25,000 ሰው አልቋል። እኛም በ1935 እ.ኤ.አ. ፋሺስቶች በደሴ ላይ ቦምብ ሲያዘንቡ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታል እንኳ እንዳልተማረ ከአያቶቻችን ሰምተናል። ከላይ ሲታይ ከተማ ካርታ ነው፤ ከታች ግን ሰው አለበት። የት እንዲጣል የሚወስነውም መካኒኩ ሳይሆን የተማረው ሰው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንላለን። መምህራኖቻችን ለእጅ ሥራ የሚሰጡት ማርክ ለጽሑፍ ፈተና ከሚሰጡት አይነስ። እኛ ተማሪዎችም ብሎኑ እንዴት እንደሚጠብቅ ስንማር፣ የሠራነው ነገር በማን ራስ ላይ እንደሚወርድ መጠየቅን እንልመድ። ይህን ጥያቄ ዛሬ በክፍል ውስጥ ያልለመደ ነገ በቢሮ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አያስታውሰውም።