ካህኑና የተሰወረው በደል

ዛሬ ስለ ቤተሰብ ንባብ የምናነሣው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ለክርስቲያን ቤት የማይስማማ ይመስል ይሆናል። ይኸውም በእንግሊዝ አገር እጅግ የተለመደው፥ በአንዲት ጸጥተኛ የገጠር መንደር ሰው ተገድሎ ሲገኝ ካህኑ በማስተዋሉ ገዳዩን የሚደርስበት የልብ ወለድ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በልጆቻቸው እጅ ያዩ ወላጆች «የነፍስ ግድያ ወሬ ለልጅ ምን ይጠቅመዋል?» ብለው ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ እኛም በቸልታ አናልፈውም።

አስቀድመን ግን የተሰወረ በደልን መመርመር ለቅዱሳት መጻሕፍት እንግዳ ነገር አለመሆኑን እናስታውስ። ሁለት ሽማግሎች ንጽሕቲቱን ሶስናን በሐሰት ከስሰው ሞት ባስፈረዱባት ጊዜ ወጣቱ ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ በየተራ ጠየቃቸው። ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ሲጠየቁ አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሌላውም ሌላ ዛፍ ጠራ፤ ሐሰታቸውም በገዛ አፋቸው ተገለጠ። በአገራችንም ገጠር በቀድሞ ዘመን ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ ሕዝቡ ለአፈርሳታ ተሰብስቦ ይመረምር ነበር። እንግዲህ መመርመሩ ራሱ ነውር አይደለም፤ ሊታይ የሚገባው በምን ልብና ለምን ፍጻሜ እንደሚመረመር ነው። ከእነዚህ የእንግሊዝ ታሪኮች አንዱን በአብነት የምናቀርበውም ስለዚህ ነው።

በዚህ ዓይነት ድርሰት ስማቸው ከገነነው አንዱ ጂ ኬ ቼስተርተን ነው። «አባ ብራውን» የተባለውን ካህን ያመጣው በ1910 ሲሆን የመጀመሪያው መድበል በ1911 ታተመ፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባ ብራውን ቁመቱ አጭር፥ ፊቱ ክብ፥ ጃንጥላውን በየሄደበት የሚጥል፥ ሲያዩት ምንም የማያውቅ የሚመስል ሰው ነው።

ደራሲው ይህን ሰው ከባዶ አልፈጠረውም። በዮርክሻየር አውራጃ ያገለግሉ ከነበሩት ከካቶሊኩ ካህን ከጆን ኦኮነር ጋር ወዳጅነት ነበረውና፥ አንድ ቀን አብረው በእግር ሲሄዱ ካህኑ ስለ ሰው ልጅ ክፋት ያላቸውን ጥልቅ ዕውቀት ሰምቶ እጅግ ተደነቀ። በኋላ በአንድ ቤት ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ወጣት ተማሪዎች ከእኒህ ካህን ጋር ተጨዋወቱ፤ ካህኑም ወጣ ባሉ ጊዜ ተማሪዎቹ፥ ተዘግቶ የሚኖር ካህን የዓለምን ክፋት ከወዴት ያውቀዋል ብለው አዘኑላቸው። ቼስተርተን በልቡ ሳቀ፤ አባ ብራውንም ከዚያ ሳቅ ተወለደ። በንስሐ አባትነት የተቀመጠ ካህን የሰውን ቍስል ዕለት ዕለት እንደሚሰማ ተማሪዎቹ አላሰቡም ነበር።

ከታሪኮቹ መካከል በ1911 መድበል ውስጥ «የእግዚአብሔር መዶሻ» የተሰኘው ለጉዳያችን የተመቸ ነው። በአንዲት ኮረብታማ መንደር ሁለት ወንድማማች ይኖራሉ። ታላቁ ኮሎኔል ኖርማን ሰካራምና ሴሰኛ ነው፤ ታናሹ ዊልፍሬድ ግን በጸሎት የሚተጋ የአንግሊካን ቄስ ነው። አንድ ማለዳ ኮሎኔሉ አንጥረኛው ከቤቱ በሌለበት ሰዓት ወደ ሚስቱ ሲገሠግሥ፥ በዚያው በአንጥረኛው ቅጥር ራሱ ተፈጥፍጦ ሞቶ ተገኘ። ባጠገቡ የወደቀው መሣሪያ ትንሽ መዶሻ ነው፤ ምቱ ግን የኀያል ክንድ ምት ነው።

መንደርተኛውም በየራሱ መንገድ ይጠረጥር ጀመር። መጀመሪያ የተጠረጠረው ጉልበተኛው አንጥረኛ ነበር፤ እርሱ ግን በዚያ ሰዓት በሌላ ከተማ እንደ ነበረ ተረጋገጠ። ቀጥሎ ሚስቱ ታሰበች፤ ነገር ግን ምቱ ከሴት ጉልበት በላይ ነው ተባለ። በመጨረሻ ጣት የተቀሰረው አእምሮው በደከመ አንድ የመንደሩ ወጣት ላይ ነው፤ ይህንንም ሐሳብ ያመጣው ቄሱ ዊልፍሬድ ነበር።

አባ ብራውን ግን ቄሱን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ወጣ። ከዚያ ከፍታ ቍልቍል ሲመለከቱ ሰው ሁሉ እንደሚሳብ ጥንዚዛ ያንሳል፤ ከዚያ የተለቀቀ ትንሽ መዶሻም የመብረቅ ኀይል ያገኛል። ዊልፍሬድ ይጸልይ የነበረው በዚሁ ከፍታ ላይ ነበር። ወንድሙንም ከላይ ሆኖ ሲያየው ወንድምነቱ ጠፍቶበት እንደ ተባይ ታየው፤ የፈራጅነት ሥልጣን የተሰጠው መሰለውና መዶሻውን ለቀቀ።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። ሰውየውን የጣለው መጠጥ ወይም ገንዘብ አይደለም፤ ከጸሎቱ ጋር ያደገው ትዕቢት ነው። ጾሙን ሳያጎድል፥ ቅዳሴውን ሳያስታጕል ጎረቤቱን ከሰገነት ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው በየመንደራችን የለምን? የቀራጩንና የፈሪሳዊውን ምሳሌ በየዓመቱ እየሰማን፥ ከቤተ መቅደስ ስንወጣ የፈሪሳዊውን ልብ ይዘን የምንመለስበት ቀን ጥቂት አይደለም።

የታሪኩ ፍጻሜ ደግሞ ከዚህ ይልቃል። አባ ብራውን ወደ ፖሊስ አልሮጠም፤ አደባባይ ወጥቶም አልጮኸም። የሰማውን እንደ ኑዛዜ ምሥጢር እንደሚጠብቅ ነግሮ፥ መንገዱን ለቄሱ ለራሱ ኅሊና ተወለት። ዊልፍሬድም በገዛ እግሩ ከግንቡ ወርዶ፥ ወንድሙን የገደለ እርሱ መሆኑን ተናግሮ እጁን ለሕግ ሰጠ። በዚህም ያ ምስኪን ወጣት ከሐሰት ነቀፋ ዳነ፤ በደለኛውም በገዛ አንደበቱ የንስሐን በር አንኳኳ። የካህኑ ምርመራ የፈለገው ይህን ሁለቱን ነበር።

እነዚህ ካህናት በሥርዓተ ሃይማኖት ከእኛ የተለዩ ናቸው፤ ትምህርቱ ግን ለቤታችን ቅርብ ነው። ከቤት ወርቅ ወይም ገንዘብ የጠፋ እንደ ሆነ መጀመሪያ የምንጠራው ማንን ነው? ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣችውን ሠራተኛ፥ ወይም ዘመድ የሌለውን አሳዳጊ ያጣ ልጅ አይደለምን? «ጠርጥር፥ ከገንፎ መካከል አይጠፋም ስንጥር» ይባላል፤ ስንጥሩን ግን ሁልጊዜ በድኻው ሳሕን ብቻ መፈለግ ፍርድ አይደለም። ወርቁ ከሣጥን ሥር በተገኘ ጊዜ ያለ ስሟ ስም የተሰጣት ልጅ ስሟን ማን ይመልስላታል?

የቤት ንግግራችንም ምርመራ ያሻዋል። አጋታ ክሪስቲ በ1930 ባሳተመችው «በቄሱ ቤት የተፈጸመ ግድያ» በተባለው መጽሐፍ፥ የመንደሩ ቄስ በምሳ ገበታ ላይ ሥጋ እየቈረጠ፥ በሰው ሁሉ የተጠላውን ኮሎኔል ፕሮተሮን የሚገድል ሰው ለዓለም ውለታ እንደሚሠራ ይናገራል። በገበታው ያለው ወጣት የወንድሙ ወይም የእኅቱ ልጅ ይህን ይሰማል። ብዙም ሳይቈይ ኮሎኔሉ በዚያው በቄሱ ቤት፥ በማንበቢያ ክፍሉ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ይገኛል። ገዳዩን ለሚያነብ ሰው ትተንለት፥ እኛ የምንይዘው ገበታውን ነው። በቍጣ የተናገርነው ቃል ልጆቻችን ዘንድ ይቀመጣል፤ ጌታም በወንድም ላይ መቈጣትን ከመግደል ትእዛዝ ጋር አያይዞ ማስተማሩን አንርሳ።

ይህ ዓይነት ድርሰት ዛሬም አልቆመም፤ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን የሆነው ሪቻርድ ኮልስ በ2022 እንዲህ ያለ መጽሐፍ አሳትሟል። ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው መጽሐፉን ከልጅ እጅ መንጠቅን ሳይሆን አብሮ ማንበብን ነው። ደም ማፍሰስን የሚያስጌጥና ጭካኔን ጀግንነት የሚያስመስል መጽሐፍ ከቤት ይራቅ። ሌላውን ግን አንብበው ሲጨርሱ ልጆቹን «ገዳዩ ማን ነው?» ብቻ ሳይሆን፥ «በከንቱ የተጠረጠረው ማን ነበር? የበደለውስ ለንስሐ መንገድ አገኘን?» ብለው ይጠይቋቸው። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ ነገ በሰፈሩ ሐሜት ሲነሣ ፈጥኖ አይፈርድም።

የሰውን በደል ለማወቅ የምንተጋውን ያህል የራሳችንን ይዘን ወደ ነፍስ አባታችን ለመሄድ እንትጋ። የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ከፍርድ ሰገነት አውርዶ በትሕትና ሸለቆ ያኑረን፤ አሜን።