ሥዕል የመሃይማን መጽሐፍ አይደለም

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስላለ ሥዕል የጠየቀ ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛል፤ «ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ መጽሐፍ እንዲሆነው ነው የተሣለው»። አስጎብኚው ይለዋል፤ መምህሩ ይለዋል፤ ሰባኪውም ይደግመዋል። ብዙ ስለተባለ እውነት መሰለ፤ እውነት ስለመሰለም የሚመረምረው ጠፋ። በጎጃም ደጋ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ይዞ ለሚያስብ ሰው ግን አባባሉ ስሕተት ነው፤ ያውም ብዙ ጥፋት ያስከተለ ስሕተት።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምንጩ ሮም ነው። በ600 ግድም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የማርሴይ ጳጳስ ሴሬኖስ ሕዝቡ ለሥዕል ሲሰግድ አይቶ ሥዕሎቹን ሰባበረ። የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ቀዳማዊ ደግሞ ፊደል የማያውቀው በመጽሐፍ ያጣውን በግድግዳ ያገኛልና ለምን ታጠፋለህ ብሎ በደብዳቤ ገሠጸው። ለዚያ ጠብ በቂ መልስ ነበር። ያንን መልስ አንሥቶ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ ግድግዳዎች መፍቻ ማድረግ ግን ግድግዳዎቹን ሳያዩ መፍረድ ነው።

እስቲ ሥዕሉ የት እንዳለ እንይ። ክቡ ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው። ሥዕሉ የሚሣለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ ቅድስት አዙሮ ነው። ገበሬውና ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድሱት ደግሞ ከውጭ ቅጥሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆመው ነው። ሥዕሉን ሌት ተቀን የሚያየው ዳዊት የሚደግመው ዲያቆን፣ ድጓ የዘለቀው መሪጌታ፣ የሚቀድሰው ቄስ ነው። በዚያ ላይ ግድግዳው መጋረጃ ይለብሳል። ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የምትባለው የደብረ ወርቋ የእመቤታችን ሥዕልም ለመጣ ለሄደው ሁሉ የምትገለጥ አይደለችም። መሃይምን ሊያስተምር የተሣለ ሥዕል ከመሃይሙ ይሰወራል? በሥዕሉ ግርጌስ «ዘከመ» እያለ የሚጀምረው የግእዝ ጽሑፍ ለማን ተጻፈ? ፊደል ለማይቆጥረው ነው?

በላዔ ሰብን ልውሰድ። ታሪኩን ሁሉም ስለሚያውቀው አላስረዝምም፤ የቅምር ሰው፣ 78 ነፍስ የበላ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ የሰጠ፣ በዚያም የዳነ። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት ሲነገር ሰምተነው አድገናል። አሁን ግን ይህን ታሪክ ፈጽሞ ያልሰማ ሰው ግድግዳው ፊት ይቁም እንበል። ምን ያያል? አንድ ሰው የሰው እግር ይዞ ይገምጣል። እልፍ ሲል ያው ሰው ለቁስለኛ ውኃ ያጠጣል። ከዚያ ሚዛን ተንጠልጥሏል፤ በአንዱ ወገን የሰው ራስ ተቆልሏል፤ በሌላው ወገን ከምንም የማይቆጠር ውኃ አለ፤ ሚዛኑ ግን የሚያጋድለው ወደ ውኃው ነው። እመቤታችን ጥላዋን ልታሳርፍበት እጇን ዘርግታለች። ይህ ለመሃይም የተጻፈ መጽሐፍ ከሆነ ምን ሊያስተምረው ነው? ሰው መብላት አያስኰንንም ብሎ? ተአምረ ማርያምን ያልሰማ ሰው ከዚህ ሥዕል ፊት ግራ ተጋብቶ ይሄዳል፤ አለዚያም ተሳስቶ ይሄዳል። ሥዕሉ በመጽሐፉ ቦታ የተተካ አይደለም። በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰውን ያንን መጽሐፍ የሰማና ያሰላሰለ ተመልካች ይፈልጋል።

መጽሐፉን ለሚያውቅ ሰውስ ምን ይጨምርለታል? እኔን የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ተአምሩ ሲነበብ ነገሩ በተራ ይመጣል፤ ጥፋቱ፣ ቀጥሎ ውኃው፣ ቀጥሎ ፍርዱ። ሰሚው ከምሕረቱ ሲደርስ እልቂቱን አልፎታል፤ እፎይ ይላል። ግድግዳው ይህን እፎይታ አይሰጥም። የተገመጠው እግርና የሚፈስሰው ውኃ አብረው ዓይን ውስጥ ይገባሉ። የሟቾቹ ራሶች ከሚዛኑ ላይ አይወርዱም፤ ከዓመት ዓመት እዚያው ናቸው። ደም በሽማግሌ በሚደርቅበት፣ ገዳይና የሟች ወንድም በአንድ ደብር በሚያስቀድሱበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከገዳይ ወገን የሆነው ውኃውን ያያል። የሟች ወንድም ራሶቹን ያያል፤ የማን ደም ነው በጥርኝ ውኃ የሚቀረው ብሎም ይጠይቃል። በርስት ሙግት ያደገ ጎጃሜ ደግሞ ችሎቱን ለይቶ ያውቀዋል፤ አጋንንቱ ከሳሾች ናቸው፤ እመቤታችን ዋስ ናት። ሠዓሊው ማስረጃውን ሁሉ በአንድ ላይ ዘርግቶ፣ መጽሐፉ የዘጋውን ሙግት እንደገና ከፍቶታል። ይህን ማስተማር ብቻ ማለት ሠዓሊውን ማሳነስ ነው።

የሠዓሊው ሥራ በዚህ አያበቃም። በአገራችን የሥዕል ልማድ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ርኩስ በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። በላዔ ሰብ ከየትኛው ወገን ነው? ሲበላ በአንድ ዓይን ተሥሎ ሲያጠጣ ሁለቱ ይሰጡታል? ወይስ ከመጀመሪያው ሁለት ዓይን አለው፣ የሚድን ነውና? ብሩሹን ያነሣ ሰው ይህን ሳይወስን መሥመር ሊያሰምር አይችልም፤ የወሰነው ሁሉ ደግሞ ትርጓሜ ነው። የአንድምታ መምህር «አንድም» እያለ በቃል የሚያወርደውን እርሱ በቀለም ያወርደዋል። ለዚህም ነው ሠዓሊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ካህናትና ደብተራዎች የሆኑት። የቢቸናው ተወላጅ ቄስ አዳሙ ተስፋው ከዚሁ ወገን ናቸው። ሥራቸው በ2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሎስ አንጀለስ ፎውለር ሙዚየም ራሱን የቻለ ዐውደ ርእይ ቆሞለታል። እዚያ በክብር የታየውን እዚህ «ለማያነቡ ነው» ብለን ማለፋችን ያሳዝነኛል።

ሕዝቡስ? ሕዝቡ ተማሪ ሳይሆን ፈራጅ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከቬኒስ መጥቶ አገራችን የቀረው ኒኮሎ ብራንካሊዮን እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋ ሣላት። እንደሚተረከው፣ ግራ ዝቅ ያለ ወገን ነውና ጌታን አዋረደው ብሎ ሕዝቡ ታወከ፤ ሥዕሉም ይነሣልን አለ፤ የዘመኑ ንጉሥ ግን አልፈቀደም። የዚሁ ሠዓሊ ስም ያለበት ሥራ በጎጃም በዋፋ ኢየሱስ ተገኝቷል። ከአንድ ክንድ ላይ ይህን ያህል ነገር የሚያነብ ሕዝብ መሃይም ተብሎ ሥዕል በፊቱ አይዘረጋለትም። የሚማር ሰው መጽሐፉን አይከስም።

ሥዕል በማኅበሩ ውስጥ ሌላም ወንበር ነበረው። ከእመቤታችን ወይም ከሰማዕቱ እግር ሥር በግንባራቸው የተደፉ ሰዎችን እናያለን፤ ስማቸው ከ«ተማኅፀነ» ጋር ተጽፎላቸዋል። ሥዕሉን ያሠሩት ባለጠጎችና መኳንንት ናቸው። ይህ ትምህርት አይደለም፤ ውል ነው፤ በእግዚአብሔርና በጎረቤት ፊት የቆመ ውል። ጥር 1873 ዓ.ም. የነገሡት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መንቆረር የተባለችውን ከተማቸውን በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ማስባላቸው ቤተ ክርስቲያን ማነጽና መንገሥ ምን ያህል የተሳሰሩ እንደነበሩ ይነግራል።

ልጅ እጁን ይዞ ግድግዳውን እያሳየ የሚያስተምር ቄስ አለ የሚለኝ ይኖራል። አለ። ጦርም ምርኩዝ ይሆናል፤ ምርኩዝ እንዲሆን ግን አልተቀጠቀጠም። ይህንኑ አባባል ከዮሐንስ ዘደማስቆ የሚጠቅስብኝም ቢመጣ መልሴ ያው ነው፤ እርሱ ሥዕል እንዳይጠፋ ተሟገተ፤ የጎጃምን ግድግዳ አልተረጎመም።

የምቆጨው ስለ ውጤቱ ነው። ሥዕል የመሃይም መጽሐፍ ነው ካልን፣ ልጁ ሁሉ ትምህርት ቤት በገባበት ዘመን ሥዕሉ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። እንደዚያም አድርገናል። የጭቃው ቤተ ክርስቲያን አርጅቶ በብሎኬት ሲተካ፣ በግድግዳው ላይ በሸማ ተለጥፎ የኖረው ሥዕል እንደ አሮጌ ልጥፍ ይገፈፋል፤ በቦታው ከማተሚያ ቤት የወጣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይሰቀላል። ያው ቅዱስ፣ ያው ትምህርት አይደል? ማን ይቆጫል? የጎጃምን ሥዕል ከምስጥና ከዝናብ ይልቅ ያጠፋው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሥዕል ማንበብ የተውነውም ፊደል ማንበብ ስንጀምር ነው።

በዋሸራና በጎንጅ፣ በዲማና በደብረ ወርቅ ቅኔ የተቀኙ፣ ትርጓሜ የወረዱ ሊቃውንት ዛሬም አሉ። የሰበካ ጉባኤ አሮጌ ግድግዳ ከማፍረሱ በፊት ከእነርሱ አንዱን ይጥራ፤ ሠዓሊም አብሮ ይምጣ፤ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካሜራና መዝገብ የያዘ ወጣት ይላክ። በምዕራቡ፣ በሰሜኑ፣ በምሥራቁና በደቡቡ ግድግዳ ምን እንደተሣለ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ፣ ማን በስንት ዓይን እንደሚያይ፣ መምህሩም ስለ እያንዳንዱ «አንድም» ብሎ ምን እንዳለ ይጻፍ። ይህ ተጽፎ በሀገረ ስብከቱ መዝገብ ሳይገባ አንድም ሸማ ከግድግዳ አይገፈፍ።