ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ተመልካች

ከጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን አኒሜ ስናይ አንድም ክፍል በሰላም አልቆ አያውቅም። መሃል ላይ አንዱ ብድግ ይልና «ኧረ ይሄ ልጅ ደደብ ነው! ለምን አይሸሽም? ለምን አይነግራቸውም? እኔ ብሆን ኖሮ...» ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ አኒሜው መሆኑ ይቀርና እሱ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር ይሆናል። ይሄው ጓደኛዬ የታክሲ ሰልፍ ሰልችቶት በእግሩ ሲመጣ ዝናብ ደብድቦት፣ እንደ ጨርቅ ጨምቀነው የገባ ሰው መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ይህ ትችት ሰልችቶኛል። መሰልቸት ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ግን ስህተትም ነው። «ገጸ ባሕርይው የሞኝ ውሳኔ ወሰነ» ማለት ብቻውን ስለ ታሪኩ ጥራት ምንም አይነግረንም። እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የጠላትን ዕቅድ አይተናል፣ ሙዚቃው ሲቀየር ሰምተናል፣ አንዳንዶቻችን ማንጋውን አንብበን መጨረሻውን እናውቃለን። ልጁ ግን ያለው ከፊቱ ያለው ነገር ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ትልቁን ምሳሌ ልውሰድ፦ ዴዝ ኖት። ላይት ያጋሚ መልኩን የሚያውቀውን ሰው ስም ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ሰውዬው ይሞታል። ገና በሁለተኛው ክፍል አንድ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ኤል እባላለሁ» ይልና የላይትን ሥራ ክፋት ነው ብሎ ይወርፈዋል። ስሙም ፊቱም ስክሪኑ ላይ አለ። ላይት በንዴት ይጽፈዋል፣ ሰውዬውም ይሞታል። ከዚያ እውነተኛው ኤል ድምፁን ያሰማል። የሞተው ሞት የተፈረደበት እስረኛ ነበር፤ ስርጭቱም ለዓለም በሙሉ ነው ተብሎ የተላለፈው ቶኪዮ ላለችበት ለካንቶ አካባቢ ብቻ ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ ፍለጋው ከመላው ዓለም ወደ አንድ የጃፓን ክልል ጠበበ።

«ይሄ ነው እንግዲህ ጂኒየስ የምትሉት?» ይሉኛል። አዎ፣ ይሄ ነው። ላይት ጭንቅላት አልጎደለውም። የጎደለው ክፉ ሲባል ዝም ብሎ የመቀመጥ አቅም ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፊት ለፊት የተቃወመው ሰው አልነበረም፤ ራሱንም የአዲስ ዓለም አምላክ አድርጎ ሾሟል። እንዲህ ያለ ልጅ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ቢተኛ ኖሮ ብልህ ይሆን ነበር፣ ላይት ግን አይሆንም ነበር። ኤል ወጥመዱን የሠራው ለዚያ ትዕቢት ነው፣ ትዕቢቱም ገባለት።

ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ብራዘርሁድን እንይ። ኤድዋርድ 11፣ አልፎንስ 10 ዓመታቸው ነው። የሞተች እናታቸውን ለመመለስ የሰው አካል የተሠራበትን ንጥረ ነገር በዝርዝር ይሰበስባሉ፦ ውሃ 35 ሊትር፣ ካርቦን 20 ኪሎ፣ እስከ ትንሿ ግራም ድረስ። ነገሩ የተከለከለ መሆኑን ያውቃሉ። ክልከላው ግን እነሱን ያህል ላልተማሩ ሰዎች የወጣ መሰላቸው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። አንድ የቆየ ፋይል ውስጥ «ይህን መስመር እንዳትነኩ» ተብሎ ተጽፎ ታገኛለህ፣ የጻፈው ሰው ያልገባው ነገር ይኖራል ብለህ ትነካዋለህ። ኤድዋርድ እግሩን አጣ፣ ወንድሙ መላ አካሉን አጣ። የወንድሙን ነፍስ ብረት ልብስ ላይ ለማሰር ደግሞ ኤድዋርድ እጁን ከፈለ። ቀሪው ታሪክ፣ 64 ክፍል ሙሉ፣ የዚያን ሌሊት ዕዳ ስለመክፈል ነው። እናቱ የሞተችበትን የ11 ዓመት ልጅ ደደብ የሚል ሰው አኒሜውን አይቷል ለማለት ይከብደኛል።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ በአታክ ኦን ታይታን በኤረን ላይ የሚወርደው ስድብ ነው። በግዙፎቹ ዛፎች ጫካ ውስጥ ሴቷ ታይታን ታሳድዳቸዋለች። ኤረን ወይ ተለውጦ ይዋጋል፣ ወይ ጓዶቹን አምኖ መጋለቡን ይቀጥላል። አለቃው ሊቫይ የትኛው እንደሚሻል እሱም እንደማያውቅ ነግሮት ምርጫውን ይተውለታል። ኤረን ጓዶቹን አመነ። ታይታኗም ወዲያው ወጥመድ ውስጥ ገባች፤ ማለትም ውሳኔው በዚያች ሰዓት ሠርቷል! በኋላ አምልጣ ጓዶቹን አንድ በአንድ ስትገድል ግን ተመልካቹ ሁሉ «ቀድሞ ቢለወጥ ኖሮ!» አለ። ተለወጠ እኮ። ተለውጦም ተሸነፈ። የተሻለው መንገድ የታለ?

እሺ፣ የእናንተንም ወገን ልስማ። በእውነት የተበላሸ ጽሑፍ አለ። ሁለት የሚዋደዱ ልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነጋገሩ የሚያልቅ ችግር ያለ ምንም ምክንያት ወቅቱን ሙሉ ሲጎተት አይቻለሁ፣ እኔም ስልኬን ልወረውር ደርሻለሁ። ያ ግን የልጆቹ ሞኝነት አይደለም፣ ክፍሎቹን መሙላት የነበረበት የደራሲው ችግር ነው። የምለየው በሦስት ጥያቄ ነው። በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ ነበር? ምን ይፈልግ ነበር? ታሪኩስ ዋጋውን አስከፍሎታል?

በዚህ መለኪያ ድራጎን ቦል ዚን እንኳ፣ ያደግንበት ቢሆንም፣ አልምረውም። ቬጂታ ጉልበቱን ለመሞከር ብሎ ሴል ፍጹም ቅርጹን እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ ሊያስቆም የሞከረውን የገዛ ልጁን ትራንክስን ይመታል። ውሳኔው ራሱ ያምናል፤ ቬጂታ ማለት ትዕቢት ነው። በመጨረሻ ሴል ትራንክስን ይገድለዋል፣ አባትየውም ያብዳል። ዋጋው ደረሰ ስትል የድራጎን ኳሶቹ ትራንክስን ይመልሱታል። ኮንትሮል ዜድ ተጫኑ ማለት ነው። የምትተቹ ከሆነ ይህንን ተቹ፤ ሞኝነቱን ተዉትና ተመላሽ የሆነውን ሂሳብ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ የምለው ለካርቱን ጥብቅና ለመቆም ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ አዲስ ልጅ የሙከራው መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ አንድ ሰንጠረዥ ሰረዘ። የአንድ ቀን መረጃ ጠፋ። ስብሰባ ላይ ሁሉም እየሰማ «እንዴት ሰው ይህን ይሳሳታል?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። በኋላ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ሁለቱ መስኮቶች አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ስም ነበራቸው። ያዘጋጀሁለት እኔ ነበርኩ። የመሰረዝ ፈቃዱንም የሰጠሁት እኔው።

በእኛ ሙያ ከአደጋ በኋላ የሚጠየቅ ጥሩ ጥያቄ አለ፦ ሰውዬው ምን አይቶ ነው ይህ ትክክል የመሰለው? ያን ቀን አልጠየቅኩም። ከወር በኋላ ሌላ ትንሽ ስህተት ሠርቶ ሦስት ቀን ደበቀው፤ ቶሎ ቢነግረን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ለምን ዝም እንዳለ ሳልጠይቀው አውቀዋለሁ። ያቺን የስብሰባ ዓረፍተ ነገር ድጋሚ መስማት አልፈለገም።

ኤድዋርድን ደደብ እያልን የምንለማመደው አፍ፣ ነገ ወንድማችን ገንዘቡን ተበልቶ ቤት ሲመጣ የሚከፈተው አፍ ነው። ወንድማችንም ይህን ስለሚያውቅ አይነግረንም።

ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ «እኔ ብሆን ኖሮ እንዲህ አልጽፈውም» እንደሚል አውቃለሁ። ቅዳሜ ይምጣና እንከራከር። ጃንጥላ ግን ይያዝ።