ወገቡን የታመመ ሰው እስከ መቼ ይተኛል?



በአማርኛ አንድን ሰው ለሥራ ስናነሣሣው «ወገብህን ታጠቅ» እንለዋለን። አማርኛን በመማር ላይ የምትገኙ አንባብያን ይህን አነጋገር በየጽሕፈት ቤቱ ሳትሰሙት አልቀራችሁም፤ ትርጉሙም «ተዘጋጅ፥ በርታ» ማለት ነው። ቋንቋው ብርታትን ከወገብ ጋር ማያያዙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወገቡን የታመመ ሰው መቀመጥም መነሣትም፥ ጫማውን ማሰርም ልጁን ማቀፍም ይቸግረዋልና።

ዛሬ ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያደረገን በአንድ በምናውቀው ሰው ላይ የደረሰው ችግር ነው። ሰውየው በመዝገብ ቤት የሚሠራ፥ ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያለፈ፥ የሦስት ልጆች አባት ነው። አንድ ቀን ጧት የመዝገብ ጥቅል ከወለል ላይ ለማንሣት ጐንበስ እንዳለ ወገቡን ያዘውና ቀና ማለት ተሳነው። ወደ ቤቱ ተወስዶ ተኛ። እናቱም «ልጄ፥ ወገብ ቀልድ አይደለም፤ እስኪሻልህ ድረስ ከዐልጋ እንዳትወርድ» አሉት። ሊጠይቀው የመጣው ጐረቤት ሁሉ ይህንኑ መከረው። እርሱም ምክሩን ተቀብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኛ። በአራተኛው ሳምንት ለመነሣት ቢሞክር ግን ጕልበቱ ከዳው፤ ሕመሙም አልለቀቀውም። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀው «ሥራዬን ባጣ ልጆቼን ምን አበላቸዋለሁ?» የሚለው ሐሳብ ነበር።

እናቲቱ የመከሩት በፍቅር ነው። ሐኪሞችም ቢሆኑ ቀድሞ ይህንኑ ያዝዙ ነበር። ምርመራው እየጠለቀ ሲሄድ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። በ1995 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በታተመ አንድ ጥናት ውስጥ ወገባቸውን ድንገት የታመሙ 186 የሄልሲንኪ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ። አንደኞቹ ሁለት ቀን እንዲተኙ፥ ሁለተኞቹ የተለየ የወገብ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ፥ ሦስተኞቹ ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዘወትር ተግባራቸውን እንዲቀጥሉ ታዘዙ። ከሦስት ሳምንትና ከዐሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ሲታዩ ከሁሉ የተሻሉት ሦስተኞቹ ሆነው ተገኙ፤ የዘገዩት ደግሞ የተኙት ናቸው።

ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ሥራ የፈታ ጡንቻ ይደክማል፤ ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ትራስ መሰል ክፍሎችም በአዋቂ ሰው ዘንድ የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም ለማለት ስለሚቻል፥ ምግባቸውን የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ነው፤ ለዚህም እንቅስቃሴ ይረዳቸዋል። ደግሞም ብዙ የተኛ ሰው ፍርሃት ያድርበታል፤ የፈራም ሰው ሰውነቱን ስለሚያኰማትር ሕመሙ ይብስበታል።

ወዳጃችንን በመጨረሻ የመረመረችው የጤና ባለሙያ አደገኛ ምልክት እንደሌለበት ካረጋገጠች በኋላ «ጋሼ፥ ያመመ ሁሉ ተሰበረ ማለት አይደለም፤ ዛሬ እስከ በርዎ፥ ነገ እስከ ጐረቤትዎ ይሂዱ» አለችው። እንደ ተባለውም አደረገ። በመጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ፥ ከሳምንት በኋላ እስከ ገበያ ተራመደ፤ በወሩ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲህ ላለው ጕዳይ ነው።

ስለዚህ ወገቡን ያመመው ሰው ሕመሙ ከጠናበት አንድ ወይም ሁለት ቀን ጐኑን ቢያሳርፍ አይነቀፍም፤ ነገር ግን በየሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት ርምጃ ይራመድ። ከዐልጋ ሲነሣ በጐኑ ዞሮ እግሮቹን ወደ ወለል ካወረደ በኋላ በእጁ ተደግፎ ይነሣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ በወገቡ ላይ ቢያኖር ያስታግስለታል። በጽሕፈት ቤትም ሆነ በቤት ለረጅም ጊዜ በአንድ አኳኋን አይቀመጥ። ዕቃ ሲያነሣ ጕልበቱን አጥፎ ዕቃውን ወደ ደረቱ ያስጠጋ። ወጌሻ አከርካሪውን በኀይል እንዲስበው ወይም እንዲጠመዝዘው ግን አይፍቀድ።

ከዳነም በኋላ መራመዱን አይተው። በ2024 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በታተመና በአውስትራልያ በተደረገ ጥናት፥ ከወገብ ሕመም ከዳኑ 701 ሰዎች መካከል የእግር ጕዞን በምክር እየጨመሩ የሄዱት ሕመሙ እስኪመለስባቸው ድረስ በመካከለኛ ግምት 208 ቀን ሲቈዩ፥ ይህን ያላደረጉት 112 ቀን ብቻ ቈይተዋል።

ይሁን እንጂ የወገብ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ሽንትን ወይም ዐይነ ምድርን መቈጣጠር ያቃተው፥ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው፥ እግሩ እየዛለ የሄደ ሰው በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ትኵሳት፥ የሌሊት ላብና ክሳት ከወገብ ሕመም ጋር ቢታዩም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ መመርመር ይገባል። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመምም እንዲሁ ነው።

በመጨረሻ ለሹማምንትና ለክፍል ኀላፊዎች የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ወገቡን የታመመ ሠራተኛ «ፈጽመህ ካልዳንህ አትምጣ» ቢባል መዳኛው ይርቅበታል። ለጥቂት ሳምንት ከባድ ዕቃ የማያነሣበት ሥራ ቢሰጠውና በየጊዜው ተነሥቶ እንዲራመድ ቢፈቀድለት ግን መሥሪያ ቤቱም ሠራተኛውን አያጣም፥ ልጆቹም እንጀራቸውን አያጡም። የመዝገብ ቤቱ ወዳጃችን ዛሬ በሥራው ላይ የሚገኘው አለቃው ይህን ስለ ተረዱለት ነው።