ሚዛኑ ኪሎህን እንጂ ቦርጭህን አያውቅም



አምቦም፣ ጉደርም፣ ጊንጪም መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው አላፊ አግዳሚውን የሚመዝኑ ልጆች አሉ። ሐላል እንጀራቸውን ነው የሚበሉት፣ እነሱን አልነቅፍም። የምነቅፈው ከሚዛኑ ወርደን የምንለውን ነው፦ «65 ኪሎ ነኝ፣ ስኳርና ደም ግፊት የወፍራም በሽታ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም።»

ኪሎ አጥንቱን፣ ጡንቻውን፣ ውሃውንና ስቡን ደባልቆ ነው የሚነግርህ። ጂም የሚሠራውና ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጦ የሚውለው እኩል 70 ኪሎ ሊሆኑ ይችላሉ። ጤና ባለሙያዎች ለዚህ ነው ቁመትን የሚጨምሩት። ኪሎህን በሜትር በተለካ ቁመትህ ታካፍላለህ፣ የወጣውን ደግሞ እንደገና በዚያው ቁመት። 65 ኪሎ ሆኖ ቁመቱ 1.70 የሆነ ሰው 22.5 ያገኛል። ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ ስለሚባል ደስ ብሎት ይሄዳል። ይህ ቢኤምአይ የሚባለው ስሌት ግን መነሻው ቤልጂየማዊው ኬትሌ ነው፤ ሰውየው የከዋክብትና የስታቲስቲክስ ተመራማሪ እንጂ ሐኪም አልነበረም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዱረንበርግና ባልደረቦቹ የተለያዩ ሕዝቦችን ጥናቶች ሰብስበው አነጻጸሩ። ዕድሜ፣ ጾታና የስብ መጠን እኩል ሲሆን የኢትዮጵያውያን ቢኤምአይ ከነጮቹ በ4.6 ያንሳል። የእኛ 22.5 በስብ በኩል ወደ እነሱ 27 ይጠጋል ማለት ነው! አማካይ ቁጥር ስለሆነ በእያንዳንዱ ሰው ላይ አይፈርድም። ቢሆንም «ቀጭን ነኝ» ብሎ መዘናጋትን ያስተወኛል። እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ግን የተገፋ ወንድም በየሰፈሩ አለ፤ እኛ ደግሞ «ተመችቶታል» እንለዋለን።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን መጥታ የሕፃኑን ክንድ በባለ ቀለም ጥብጣብ ስትለካ ማንም አይስቅም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ልጁ በከፋ የምግብ እጥረት ላይ ነው ማለት ነው። ጥብጣብ ለልጃችን ከሠራ ለእኛ ክር ምን ያሳፍራል?

በቁመትህ ልክ ክር ቁረጥ፣ ለሁለት እጠፈው። ከመጨረሻው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሃል፣ ልብስ ሳይኖር፣ ትንፋሽህን አውጥተህ፣ ሆድህን ሳትስብ (እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምናጭበረብረው) በወገብህ ዙሪያ አዙረው። እህቶችም እንዲሁ፣ እርጉዝ ካልሆናችሁ። የክሩ ጫፎች ካልተገናኙ ሚዛኑ ምንም ቢልህ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለህ ደም ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ።